የሚጠሉትንም ቁጥር የሚሰጡበት ምርጫ

አውስትራሊያ ውስጥ ድምፅ አለመስጠት ያስቀጣል። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ሳይሰጥ የቀረ ዜጋ በቂ ምክንያት ካላቀረበ 20 የአገሩን ዶላር መቀጫ ይጠየቃል። ገንዘቡ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከእኛ ዓይነቱ አገር ሄዶ ዜግነት ለተቀበለ ሰው ግን ነገሩ ራሱ እንግዳ ነው። በመካከላችን ሰው በመረጠው ወገን ሳቢያ ሲቸገር ያየ ብዙ ነው፤ ባለመምረጡ በሕግ ሲቀጣ ያየ ግን ጥቂት ነው።

እንግድነቱ በዚህ አያበቃም። አገር ቤት የለመድነው ከዕጩዎቹ አንዱን ለይቶ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ማኖር ነው። በ1997 ዓ.ም. ንብ የመረጠ ንብን፣ ሁለት ጣት የመረጠም ሁለት ጣትን ፈልጎ ምልክቱን አኑሮ ወጥቷል። ሜልቦርን ፉትስክሬይ የሚኖር አበሻ ዜጋ ይህንኑ ልማዱን ይዞ ቢገባና ከስምንት ዕጩዎች በአንዱ ላይ ኤክስ ቢያደርግ ድምፁ ተበላሸ ማለት ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት ስምንት ሰው ከቀረበ ከ1 እስከ 8 ቁጥር መስጠት አለበት። የሚወደውን ብቻ ሳይሆን የማይፈልገውንም ሰው በተራው ማሰለፍ ይጠበቅበታል።

ለመሆኑ ይህ ወረቀት ከየት መጣ? (ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ ግዛቶች መራጭ የሚመርጠውን ሰው ስም በአደባባይ ጮኾ ይናገር ነበር። ባለመሬቱም፣ አሠሪውም፣ አበዳሪውም ቆመው ይሰማሉ። ይህን የለወጡት የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ናቸው። በ1856 ቪክቶሪያ፣ ታዝማኒያና ደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት ያሳተመው ወረቀት ለብቻ በተከለለ ስፍራ እንዲሞላና ኮሮጆ ውስጥ እንዲገባ ደነገጉ። እንግሊዝ ራሷ ይህን የተቀበለችው በ1872 ነው። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ በ1888 ስትከተል የአሠራሩ ስም «የአውስትራሊያው ድምፅ መስጫ» ነበር። ዛሬ እኛም ከመጋረጃ ጀርባ ገብተን ስንመርጥ የዚያ ዘመን ባለዕዳዎች ነን።

ይሁን እንጂ ያ ወረቀት ለሁሉም አልነበረም። በ1902 የወጣው የፌዴራል ምርጫ ሕግ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲሰጥ በወቅቱ ከዓለም ቀደምቶቹ አንዱ ነበር። ይኸው ሕግ በዚያው እስትንፋሱ የአውስትራሊያን፣ የእስያን፣ የአፍሪካንና ከኒውዚላንድ በስተቀር የፓሲፊክ ደሴቶችን ነባር ተወላጆች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከመራጭነት መዝገብ አገደ። የፉትስክሬዩ ሰውዬ በዚያ ዘመን ቢገኝ ኖሮ አፍሪካ የሚለው ቃል ይበቃው ነበር። ከዚያም በፊት ወደቡን ማለፍ አለበት። በ1901 በወጣው የስደተኞች ሕግ መሠረት አንድ ሹም በማንኛውም የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት አንብቦ «ጻፍ» ሊለው ይችላል። የፈተናው ዓላማ መጣል ነበር። በ1934 ኤጎን ኪሽ የተባለው የቼኮዝሎቫኪያ ጋዜጠኛ ብዙ ቋንቋ ማወቁ ስላሰጋ በስኮትላንድ ጌሊክ ተፈተነ። ነገሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞቹ ጌሊክ በሕጉ አነጋገር የአውሮፓ ቋንቋ አይደለም አሉ፤ ስኮትላንዳውያን ምን ተሰምቷቸው ይሆን? የጽሕፈት ፈተናው በ1958 ቀረ። የአገሩ ነባር ሕዝብ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኘው በ1962 ነው። «አውስትራሊያ ለነጮች» የሚለው ፖሊሲ የመጨረሻ ርዝራዡ የተጠራረገው በ1973፣ በዊትላም መንግሥት ጊዜ ነው።

በቁጥር መምረጥ የመጣው ከዚህ ሁሉ መሐል፣ በ1918 ነው። የመጣውም ለፍትሕ ተብሎ ሳይሆን በፓርቲ ሒሳብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በዚያ ዓመት በምዕራብ አውስትራሊያ ስዋን በተባለው የምርጫ ክልል በተደረገ ማሟያ ምርጫ ወግ አጥባቂዎቹ ገበሬና ከተሜ ሆነው ድምፃቸውን ተከፋፈሉ። የሌበር ፓርቲው ወጣት ኤድዊን ኮርቦይ ከመቶ 34 ገደማ ይዞ በመሐላቸው አለፈ። መንግሥት ደንግጦ ሕጉን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ ያገኘ ሰው ከሌለ የመጨረሻው ዕጩ ይወድቃል፤ የመረጡት ሰዎች ሁለተኛ ወዳሉት ሰው ድምፁ ይሻገራል፤ አንዱ ግማሹን እስኪያልፍ ድረስም እንዲሁ ይቀጥላል። አስገዳጁ ሕግ የተከተለው በ1924 ነው። በ1922 ከመቶ ስድሳ ያልሞላው የመራጭ ቁጥር በ1925 ከ91 በላይ ሆነ።

የዚህ አቆጣጠር ጉልበት ለስደተኛው የታየው በ1998 ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ብሌር በተባለው ክልል ነው። ወ/ሮ ፖሊን ሃንሰን በ1996 ምክር ቤት ሲገቡ ባደረጉት የመጀመሪያ ንግግር አገሪቱ በእስያውያን ልትጥለቀለቅ ነው ብለው ነበር። በ1998 በመጀመሪያው ቆጠራ ከመቶ 36 ገደማ አግኝተው ከሁሉ ቀደሙ። ሌበሩ 25 ገደማ፣ የሊበራሉ ካሜሮን ቶምፕሰን ደግሞ 22 ገደማ ይዘው ሦስተኛ ሆኑ። በእኛ ሥርዓት ቢሆን ወ/ሮ ሃንሰን አሸንፈው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ነገር ግን ሌበርና ሊበራል ሁለቱም ደጋፊዎቻቸው እሳቸውን ከመጨረሻ እንዲያደርጓቸው መክረው ስለነበር ድምፁ ሲሻገር ሲሻገር ሦስተኛው ሰው አሸናፊ ሆነ። ወ/ሮ ሃንሰን በ2016 በሴኔት በኩል ተመልሰዋል፤ ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ለአዲሱ ዜጋ ከባዱ ጥያቄ «ማንን አንደኛ ላድርግ?» የሚለው ብቻ አይደለም። እንደ እኔ እንደ እኔ «ማንን መጨረሻ ላድርግ?» የሚለው ይብሳል። ትንሹን ፓርቲ አንደኛ ቢያደርግ ድምፁ አይባክንም፤ ትንሹ ሲወድቅ ሁለተኛ ላለው ይተርፋል። መጨረሻ ያስቀመጠው ሰው ግን ከእሱ ወረቀት ምንም አያገኝም።

ትልልቆቹ ፓርቲዎች የስደተኛውን ድምፅ እንደ ርስት ሲቆጥሩት ምን እንደሚሆን ደግሞ በ2022 ታየ። በምዕራብ ሲድኒ ፋውለር የተባለው ክልል ብዙ የቬትናም ተወላጅ የሚኖርበት፣ የሌበር የቆየ ምሽግ ነበር። ፓርቲው በዚያ የምትኖረውን የቬትናም ስደተኞች ልጅ ቱ ሌን ትቶ ክሪስቲና ኬኔሊን ከሌላው የከተማው ጫፍ አምጥቶ አቀረበ። ሕዝቡ ከቬትናም በስደት የመጡትን ዳይ ሌን በግል ተወዳዳሪነት መረጠ። በመጀመሪያው ቆጠራ ኬኔሊ 36፣ ዳይ ሌ 29.5 ከመቶ ነበሩ፤ ዳይ ሌን ያሻገራቸው የሌሎች ሁለተኛና ሦስተኛ ቁጥር ነው። በ2025 ሌበር ቱ ሌን አቅርቦ ቢሞክርም ዳይ ሌ ወንበራቸውን አላስነኩም።

የሴኔቱ ወረቀት የባሰ ነው። በ2013 የኒው ሳውዝ ዌልስ መራጭ 110 ዕጩዎች የሰፈሩበት ከአንድ ሜትር የማያንስ ወረቀት ተዘርግቶለት ነበር። ከ2016 ወዲህ ከመስመሩ በላይ ላሉት ፓርቲዎች ቢያንስ ከ1 እስከ 6፣ ወይም ከመስመሩ በታች ላሉት ግለሰቦች ቢያንስ ከ1 እስከ 12 መጻፍ እንዲበቃ ተደረገ።

ምርጫው ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው። በደጃፉ የየፓርቲው ሰዎች ቁጥሮቹ ተሞልተው የታተሙበትን ካርድ ያድላሉ፤ «እንዲህ አድርገህ ሙላው» ነው ነገሩ። ካርዱን እንዳለ መገልበጥ ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። ሌላው ደግሞ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሞላና ይወጣል፤ አገሬው ይህን «የአህያ ድምፅ» ይለዋል። የፉትስክሬዩ ሰው ግን ካርዱን ከየፓርቲው ተቀብሎ፣ ሁሉንም ኪሱ ከትቶ፣ ከካርቶን በተሠራው መከለያ ውስጥ ብቻውን ይቆማል። እርሳሱ በቦታው አለ። መጀመሪያ 8 ቁጥርን ጽፎ ወደ ላይ ቢመጣ የሚከለክለው ሕግ የለም።