ብስክሌቷን ትታ የመጣችው መንገደኛ

ዴርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት ነበረች። አሥር ዓመት ሲሞላት ለልደቷ ብስክሌትና የዓለም ካርታ መጽሐፍ ተሰጣትና ሁለቱን አንድ ላይ ብታይ ጊዜ «እስከ ህንድ በብስክሌት እሄዳለሁ» አለች። ልጅ የሚመኘውን ዕድሜ ያስረሳዋል፤ እሷን ግን አላስረሳትም። በ1955 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አውሮፓ በበረዶ በተቀበረበት ክረምት፣ «ሮዝ» ብላ የሰየመቻትን ብስክሌት ይዛ ተነሳች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዴልሂ ገባች።

ይህች ሴት በታኅሣሥ 1959 ዓ.ም. ወደ እኛ አገር ስትመጣ ግን ብስክሌቷን ይዛ አልመጣችም። ምፅዋ ወርዳ እስከ አዲስ አበባ የተጓዘችው በእግሯ ነው። ጓዟን የጫነችበትን በቅሎ መቀሌ ላይ የሰጧት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዕልት አይዳ ደስታ ነበሩ። በቅሎውን በመጻሕፍቷ አሳታሚ ስም «ጆክ» አለችው፤ ጌትዮው አልተቀየሙም መሰለኝ፤ መጽሐፉን አሳትመውታል። ሰሜን ተራሮችን ያቋረጠችው በዚህ ጉዞ ነው።

ታዲያ በብስክሌት ፋርስንና አፍጋኒስታንን ያቋረጠ ሰው፣ ብስክሌቱን ቤቱ ትቶ የሚመጣበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው?

መንኮራኩር ሰሜንን ያወቀው በቅርቡ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ልማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ሲገባ መንገዱ የነጋዴና የበቅሎ መንገድ ነበር። ከዚያ በኋላ 85 ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም.፣ ደጃች ካሳ ደጃች ውቤን ድል አድርገው ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡም መንገዱ ያው ነበር። (ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት ውቤ ናቸው፤ ያሠሩትም ራሳቸው ሊነግሡባት ነበር።)

ጎማውን ያመጣው ጣሊያን ነው። በወረራው ዘመን አሥመራንና ጎንደርን የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠራ፣ የልማሊሞን ገደል እየፈለጠ በጥምዝምዝ አወጣው። ከደባርቅ አቅራቢያ ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦሩም በቀላሉ አልለቀቀም። እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ከአራት ወር በላይ ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። ጦሩ ቢሄድም መንገዱ ቀረ፤ ቃሉም ቀረ። ዛሬ ማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ቀርበው ቢያዳምጡ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ካላማዳሪው፣ ማርሹ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ልማሊሞን ተከትሎ የወጣ ቋንቋ ይመስለኛል አንዳንዴ።

እኔ ይህን የማወራው መጽሐፍ ብቻ አገላብጬ አይደለም። በጥር 2011 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ተነስቼ በብስክሌት ጎንደርን፣ ዳባትን አልፌ ደባርቅ ደርሻለሁ። እስከዚያ ያለው አስፋልት ነው፤ ያደክማል እንጂ አያስመርርም። ቀኑ የከፋብኝ ከደባርቅ ወደ ጨነቅ የወጣሁ ዕለት ነው።

ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,600 ሜትር ያልፋል። በወረቀት ሲታይ ልዩነቱ 800 ሜትር አይሞላም። ወረቀቱ የማይናገረው ግን መንገዱ የወጣውን መልሶ የሚያወርድ መሆኑን ነው። ከሳንቃበር በኋላ ወደ ጅንባር ወንዝ ይወርዳል፤ በላብ የተገዛው ከፍታ በአንድ ጊዜ ይበተናል፤ ከዚያ እንደገና አሀዱ። ጠጠሩ ጎማ ያሾራል። አየሩ ሳስቶ፣ ሃያ ጊዜ ፔዳል መትቶ መቆም ግድ ይሆናል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣራቸውን እየነጩ ቀና ብለው ያዩኝና መልሰው ያቀረቅራሉ።

በፓርኩ ደንብ ያለ ጠባቂ መሄድ አይቻልም። የእኔ ጠባቂ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ በፕላስቲክ ጫማ የሚሄዱ ጎልማሳ ነበሩ። እኔ በመንገዱ ስዞር እሳቸው በአቋራጭ ይወጡና በየመታጠፊያው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ከጅንባር በላይ ብስክሌቱን ወርጄ ስገፋ አይተው፣

«ወንድም ዓለም፣ ጋላቢው ማነው? አንተ ነህ እሱ?» አሉኝ።

መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አልነበረኝም። ጨነቅ የደረስነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። የቦታው ስም ከየት እንደመጣ ሊቃውንት ይመርምሩት፤ ያን ዕለት ለእኔ ትርጉሙ ግልጽ ነበር።

ስለ መንገዱ ግን አንድ ነገር ልበል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከምክንያቶቹ የዋልያ ቁጥር መመናመን አንዱ ሲሆን፣ ይኸው እኔ የተንፏቀቅሁበት መንገድ ሌላው ነበር። ፓርኩ ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት መንገዱን በፓርኩ ውጭ ለማዞር ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎችም በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከአምባቸው ተነስተው ደባርቅ ሰፍረዋል።

መርፊ መኪናንና የመኪና መንገድን የምትወድ ሰው አልነበረችም፤ በግንቦት 2014 ዓ.ም. በ90 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ አልወደደችም። ድፍረቷን አደንቃለሁ። በዚህ ግን አልከተላትም። የበቅሎ መንገድ ውበቱ ለመንገደኛ ነው። ከጃናሞራ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ቧሂትን ለሚሻገር ጎረቤት ግን፣ ያ ጠጠር ቅርስ አፍራሽ ሳይሆን ነፍስ አዳኝ ነው። ዋልያውም እውነት አለው፤ የሚኖርበት ሌላ አገር የለውም። መንገዱን በፓርኩ ውጭ ማዞር ሁለቱንም የሚያስታርቅ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን ዙሪያው በረዘመ ቁጥር ኪሎ ሜትሩን የሚከፍለው ዋልያው አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። እኔ የምሰቃየው በምርጫዬ ነው፤ ሲሰለቸኝ እመለሳለሁ።

በማግስቱ ከመካነ ብርሃን የመጣ አይሱዙ አቆምኩና ወደ ደባርቅ ተመለስኩ። ሰዎቹ ከገብስ ጆንያ ላይ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ረዳቱ ብስክሌቱን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ በእጁም መዘነው። ያስከፈለኝ የአንድ ኩንታል ገብስ ሒሳብ ነበር።