የሞግዚቲቱ መድኃኒት

የሕክምና ታሪክ በተነገረ ቁጥር ስማቸው የሚነሣው መድኃኒቱን በብራና ያሰፈሩት ናቸው፤ ቀምመው ያዳኑት ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። በባቢሎን ተልሙድ ውስጥ የተበተኑት የጥንት አይሁድ የጤና ምክሮች ግን ከዚህ ልማድ ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ። ተልሙዱ እ.ኤ.አ. በ200 ግድም በተጠናቀረው ሚሽና በተባለው የሕግ መድበል ላይ የተነሣ የረጅም ዘመን ክርክር ሲሆን፣ መልክ የያዘው በ6ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ነው። ሊቃውንቱ ስለ ፍቺ ጽሕፈት ሲከራከሩ ቆይተው ድንገት ስለ ራስ ምታትና ስለ ነስር መድኃኒት ይገባሉ።

ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ በ4ኛው ምዕተ ዓመት የፑምበዲታን ጉባኤ ይመራ የነበረው አባዬ ነው። ስሙ ለእኛ ጆሮ አባትን መጥሪያ ይመስላል፤ ሰውየው ግን አባቱን አያውቅም። ገና ተፀንሶ ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም በወሊድ አለፈች። ያሳደገችው ሞግዚት ናት። ስለ መድኃኒት በሚናገርበት ጊዜ ምስክር የሚጠራው ከመምህራኑ ሳይሆን እናቴ ከሚላት ከዚህች ሴት ነው። አራስ ሕፃን ጡት አልይዝ ቢል ከንፈሩ በርዶት ነውና ፍም በጽዋ አድርጎ ወደ አፉ ማስጠጋት እንደሚገባ፣ ሰውነቱ እጅግ የቀላ ወይም የገረጣ ሕፃን ግዝረቱ እንዲዘገይለት የነገረችው እርሷ ናት። ይህ የኋለኛው ምክር ቀላል አይደለም። ግዝረት በ8ኛው ቀን እንዲፈጸም ኦሪት ታዛለችና፣ የሞግዚት ዐይን ያስተዋለው ምልክት የሕጉን ቀን ሲያስገፋ እናያለን። ስሟን ግን ተልሙዱ አልመዘገበውም።

ዕውቀት ሁልጊዜ በእንዲህ ያለ ፍቅር የተላለፈ አልነበረም። በ3ኛው ምዕተ ዓመት የጥብርያዶሱ መምህር ረቢ ዮሐናን ድዱን ታሞ ከአንዲት ወይዘሮ ዘንድ ይታከም ጀመር። ሐሙስ ሄደ፤ ዐርብም ሄደ። በሰንበት በጉባኤ የሚውል በመሆኑ መድኃኒቱን እንድትነግረው ለመናት። ለማንም እንዳይገልጥ አስማለችው፤ እርሱም ለእስራኤል አምላክ ላይገልጥ ማለ። በማግሥቱ በጉባኤ ፊት ቆሞ ምሥጢሩን ለሕዝብ ዘረገፈው! ለአምላክ እንጂ ለሕዝቡ ላለመግለጥ አልማለም፣ ይላል ጽሑፉ።

ተውኔት ጸሐፊ ነኝና መጋረጃው እዚህ ላይ ቢወርድ በወደድሁ። ሆኖም የኢየሩሳሌሙ ተልሙድ ሴትዮዋን አልረሳትም። ነገሩን በሰማች ጊዜ ራሷን አነቀች የሚሉ አሉ፤ የአይሁድን ሃይማኖት ተቀበለች የሚሉም አሉ። የባቢሎን ሊቃውንት ደግሞ እንዲህ ያለው መሐላ የፈጣሪን ስም አያስነቅፍምን ብለው ከጠየቁ በኋላ፣ የመሐላውን ትርጉም አስቀድሞ ገልጦላት ነበር በማለት ያልፉታል። ይህ መልስ እኔን አያጠግበኝም፤ ገልጦላት ከነበረስ ስለምን ነገረችው? በአንድ ወገን የአንዲት ሴት ምሥጢር፣ በሌላው ወገን ድዱ የሚደማ ሕዝብ ቆመዋል።

ምሥጢሩ የእርሾ ውሃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው ነበር የሚሉ አሉ። አባዬም በተራው ይኸው ሕመም ያዘውና የተባለውን ሁሉ ሞክሮ አልዳነም። በመጨረሻ የተሻለው፣ ያልጎመራ የወይራ ፍሬ አስኳል በአዲስ ዶማ ላይ አቃጥሎ ድዱ ላይ እንዲያደርግ አንድ ዐረብ ከነገረው በኋላ ነው። ይህንንም ሳያፍር ተናግሮታል።

እርግጥ ከምክሮቹ ብዙዎቹ ዛሬ ፈገግ ያሰኛሉ፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው የቀበሮ ጥርስ ይታዘዝ ነበር። ቢሆንም ማስረጃ ይጠየቅ ነበር። በሰንበት ታስሮ የሚወጣ ክታብ፣ የተጻፈም ይሁን የሥራ ሥር፣ 3 ጊዜ ፈውሶ የተፈተነ መሆን ነበረበት። በ10ኛው ምዕተ ዓመት የዚያው የፑምበዲታ ጉባኤ መሪ የነበረው ሸሪራ ደግሞ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ሐኪሞች እንዳልነበሩና ባለሙያ ሳያረጋግጠው በምክሮቻቸው መታመን እንደማይገባ በግልጽ ጻፈ። እንዲህ ያለ ድፍረት በየዘመኑ አይገኝም።

ስለ ባለሙያዎቹ ከተተረከው እኔን የሚማርከኝ በቀንድ ዋግምት ደም የሚያወጣው የአባ ኡማና ታሪክ ነው። የአገልግሎቱን ዋጋ በእጁ አይቀበልም፤ ከደጅ ባኖረው ሣጥን ያለው ይጥላል፣ የሌለው ሳያፍር ገብቶ ይታከማል። ለድኻ ተማሪም አቅም መጠገኛ ገንዘብ ጨምሮ ይሸኘዋል። ተልሙዱ እንደሚተርከው ለዚህ ሰው በየዕለቱ ከሰማይ ሰላምታ ይላክለት ነበር፤ ለአባዬ ግን በየሰንበቱ ዋዜማ ብቻ። ሊቁ ይህን ባወቀ ጊዜ እጅግ ተከፋ። የዚያን ሰው ሥራ መሥራት እንደማይችል ተነገረው።