የድሃ ልጅ ድርሻ፦ የአሜሪካ የትምህርት ድጎማና የሒሳብ መዝገቡ

ኤፕሪል 11 ቀን 1965 በምዕራባውያን ዘንድ የሆሳዕና እሑድ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በዚያ ቀን ቴክሳስ ውስጥ ስቶንዎል በምትባል የገጠር መንደር፣ ልጅ ሳሉ ፊደል በቆጠሩበት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ደጅ ጠረጴዛ አስወጥተው አንድ ሕግ ፈረሙ። ከጎናቸው ያስቀመጡት ሚኒስትር ወይም ሴናተር ሳይሆን የመጀመሪያ አስተማሪያቸውን ኬት ዴድሪክ ሎኒን ነበር። ጆንሰን ራሳቸውም በ1928 ኮቱላ በተባለች የቴክሳስ ከተማ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ድሃ ልጆች አስተምረዋል፤ ቁርስ ሳይቀምሱ ክፍል ይገቡ የነበሩትን እነዚያን ልጆች በንግግራቸው ደጋግመው አንስተዋቸዋል።

የተፈረመው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ ሲሆን፣ ዋናው ገንዘብ ያለው በመጀመሪያው ክፍሉ ነው። ያ ክፍል እስከ ዛሬ «ታይትል ዋን» ይባላል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ልጅ የሚያስተምር አበሻ ወላጅ ከትምህርት ቤት በሚላክለት ደብዳቤ ላይ ይህን ስም አይቶት ይሆናል።

ስለ ፊርማው ብዙ ተጽፏል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ከፊርማው በኋላ ያለው፣ ማንም ፎቶግራፍ ያላነሳው ሥራ ነው። ከዋሽንግተን የወጣ ዶላር በክፍለ ግዛቱ በኩል አልፎ የአንድ ዲስትሪክት ሒሳብ ክፍል ሲደርስ፣ ከዚያም ተነሥቶ ወደ አንድ ድሃ ልጅ መቀመጫ ሲሄድ፣ በመንገድ ላይ ምን ያገኘዋል? ዛሬ የዲስትሪክት ድጎማ ኃላፊዎች የሚያማርሩባቸው ቅጾችና ደንቦች በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ብዙዎቹም የተወለዱት አንድ ቦታ ላይ ገንዘቡ መንገድ ከሳተ በኋላ ነው።

የአሜሪካ ትምህርት ቤት የዋሽንግተን ንብረት እንዳልሆነ በቅድሚያ ማስታወስ ይበጃል። ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ዲስትሪክት አብዛኛውን ጊዜ በነዋሪ የተመረጠ ቦርድ አለው፣ ከገቢው ትልቅ ድርሻ የሚያገኘውም ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ነው። ቤቱ ውድ የሆነበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም ይበለጽጋል፤ ድሃው ሰፈር ድሃ ትምህርት ቤት ይዞ ይቀራል። ይህን ለማቃናት የፌዴራል ድጎማ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ለአሥርት ዓመታት ኮንግረስ እየገባ ወድቋል። የደቡብ ተወካዮች ገንዘቡ ነጭና ጥቁር የተለያየበትን ትምህርት ቤት ያፈርስብናል ብለው ፈሩ፤ የሃርለሙ ተወካይ አዳም ክሌይተን ፓውል ደግሞ ለተከፋፈለ ትምህርት ቤት አንድ ሳንቲም አይሰጥ እያሉ ማሻሻያ ያቀርቡ ነበር። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ድርሻ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚለው ጭቅጭቅም የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ረቂቅ በ1961 ቀብሮታል።

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጀመሪያውን ጠብ ዘጋ፤ አድሎ ለሚፈጽም ተቋም የፌዴራል ገንዘብ እንዳይሰጥ ደነገገ። ሁለተኛውን የፈታው ብልሃት ነው። ገንዘቡ ለተቋም ሳይሆን ለልጅ ነው ተባለ፤ ልጁ ድሃ ከሆነ በየትኛውም ትምህርት ቤት ይማር አገልግሎቱ ይደርሰዋል። ቀመሩ ደግሞ ቀላል ነበር። ዓመታዊ ገቢያቸው ከ2,000 ዶላር በታች የሆነ ቤተሰቦችን ልጆች ቁጠር፤ ቁጥሩን ክፍለ ግዛቱ ለአንድ ተማሪ በአማካይ ከሚያወጣው ገንዘብ ግማሽ ጋር አባዛ። በዚህ ስሌት ከአገሪቱ ካውንቲዎች ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ድርሻ አገኙ። ድሆችን ለመርዳት የወጣ ሕግ ሁሉንም የምርጫ ክልል ማለት ይቻላል መንካቱ የዋህነት አልነበረም፤ ድምፅ የሚሰጡት የእነዚያ ክልሎች ተወካዮች ናቸውና። የተወካዮች ምክር ቤቱ በ263 ለ153፣ ሴኔቱ በ73 ለ18 አጸደቁት። ለታይትል ዋን ብቻ በመጀመሪያው ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈቀደ።

ችግሩ የጀመረው ገንዘቡ ሲመጣ ነው፤ መጀመሪያ ነገር የመጣው ዘግይቶ ነበር። ሕጉ በኤፕሪል ቢፈረምም በጀቱ የጸደቀው በሴፕቴምበር፣ ትምህርት ተከፍቶ መምህራን በየትምህርት ቤታቸው ከተመደቡ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የፌዴራሉ የበጀት ዓመት የሚዘጋው ደግሞ ጁን 30 ነበር። በሰኔ ወር በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ኢትዮጵያዊ ቀጥሎ የሆነውን ሳይነገረው ያውቀዋል። በጀቱ ተመላሽ ሳይሆን ግዢ ይፈጸም! መምህር በዓመቱ አጋማሽ አይገኝም፤ ዕቃ ግን ይገኛል። ፕሮጀክተር፣ የቴፕ መቅረጫ፣ የቋንቋ ማስተማሪያ መሣሪያ በየዲስትሪክቱ መጋዘን ተከመረ።

ተቆጣጣሪም አልነበረም ለማለት ይቻላል። በዋሽንግተን የትምህርት ቢሮ ይህን ሁሉ ገንዘብና ከ20 ሺህ በላይ ዲስትሪክት እንዲከታተሉ የተመደቡት ጥቂት ደርዘን ባለሙያዎች ነበሩ። የቢሮው ሰዎች ያደጉበት ሥራ ስታትስቲክስ መሰብሰብና ለክፍለ ግዛቶች ምክር መስጠት እንጂ ቁጥጥር አልነበረም። ሕጉ ሲመከርበት ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ገንዘቡ ለውጥ ማምጣቱን ወላጆች በምን ያውቃሉ ብለው ተከራክረው ዲስትሪክቶች የውጤት ግምገማ እንዲያቀርቡ አስደርገዋል። ግምገማው ግን ለዓመታት ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ለመቆጣጠር የተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ደግሞ የሚያስተምር አወዳደቅ ወደቀ። በ1965 መጸው የትምህርት ኮሚሽነሩ ፍራንሲስ ኬፕል የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪዎችን ለይተው ያስቀምጣሉ የሚል አቤቱታ ሲደርሳቸው፣ ለከተማዋ ሊሰጥ የነበረውን 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አገዱ። የቺካጎው ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ለዴሞክራቶች ምርጫ አሸናፊ ሰው ነበሩ። ኒውዮርክ ላይ ጆንሰንን አግኝተው ቁጣቸውን አወረዱባቸው፤ ገንዘቡ ሳምንት ሳይሞላው ተለቀቀ፣ ኬፕልም ብዙ ሳይቆዩ ከኃላፊነቱ ተነሡ። ጆንሰን በዚያ ሰሞን ኒውዮርክ የተገኙት ሌላ ሕግ ሊፈርሙ ነበር፤ በዜግነት ኮታ የተገነባውን የስደተኞች ሥርዓት ያፈረሰው፣ ኋላ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የአሜሪካን በር የከፈተው ሕግ የተፈረመው በነጻነት ሐውልት ሥር ኦክቶበር 3 ቀን ነው።

በደቡብ ግን ይኸው ገንዘብ ፍርድ ቤት ለአሥር ዓመት ያቃተውን በር ገፋ። በዘር የተለያዩ ትምህርት ቤቶችን የከለከለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1954 ውሳኔ በዐሥር ዓመቱ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት የማይበልጡ የደቡብ ጥቁር ልጆችን ብቻ ነበር ከነጭ ልጆች ጋር ያስቀመጠው። ድጎማው ይቀርብሃል የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲጨመርበትና ፍርድ ቤቶቹም ሲጠነክሩ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ትምህርት ቤቶች ከሰሜኖቹ ይበልጥ የተቀላቀሉ ሆኑ።

ለዲስትሪክት ሒሳብ ሹም ግን የታሪኩ ወሳኝ ዓመት 1969 ነው። ሩቢ ማርቲን እና ፊሊስ ማክሉር የተባሉ ሁለት ሴቶች ታይትል ዋን ድሃ ልጆችን እየረዳ ነው ወይ የሚል ርዕስ ያለው ዘገባ አወጡ። ማርቲን ቀደም ሲል የፌዴራሉን የሲቪል መብቶች ቢሮ መርተዋል፤ ማክሉር ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው የሕግ መከላከያ ፈንድ ባልደረባ ነበሩ። ዋናው ማስረጃቸው የመንግሥቱ ኦዲተሮች ራሳቸው ጽፈው መደርደሪያ ላይ የተዉት ሪፖርት ነበር። ከዚያ ውስጥ በድሃ ልጅ ስም የተገዛ ተንቀሳቃሽ የመዋኛ ገንዳ ወጣ፣ ለሁሉም ትምህርት ቤት የተከፋፈለ ዕቃም ወጣ። ጋዜጦች ገንዳውን ይወዱታል። ከገንዳው የከፋው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ ዲስትሪክቱ ለነጭ ትምህርት ቤት በራሱ ገንዘብ የሚያሟላውን ነገር፣ ለጥቁሩ ትምህርት ቤት በታይትል ዋን ያሟላል። ቤተ መጻሕፍትም ሆነ መምህር፣ ለጥቁሩ ልጅ ቀድሞውኑ የሚገባው ነገር ከዋሽንግተን እንደ ስጦታ መጣለት። የተሰረቀ ገንዘብ የለም፣ ደረሰኙም ሙሉ ነው፣ ልጁ ግን አንድም ነገር አልጨመረለትም።

ኮንግረስ በ1970 ሁለት አጥር አጠረ። አንደኛው፣ የፌዴራሉ ገንዘብ የአካባቢውን ወጪ ተክቶ እንዳይገባ፣ በላዩ ላይ የሚጨመር ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ታይትል ዋን የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ድጎማው ከመጨመሩ በፊት ከሌሎቹ ጋር ተመጣጣኝ የአካባቢ ወጪ ማግኘታቸው እንዲረጋገጥ ማድረግ ነው። ሁለተኛው አጥር ግን በአንድ በኩል ክፍተት ነበረው፣ አሁንም አለው። ንጽጽሩ ሲሠራ መምህሩ በአገልግሎት ዘመኑ ያገኘው የደመወዝ ጭማሪ አይቆጠርም። ስለዚህ ሃያ ዓመት ያስተማረችው መምህርት በደኅናው ሰፈር፣ ትናንት የተቀጠረችው በድሃው ሰፈር ቢመደቡ፣ የደመወዛቸው ልዩነት ስንት ሺህ ዶላር ቢሆንም በወረቀት ላይ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እኩል ናቸው። በእኔ አስተያየት በሕጉ ውስጥ ትልቁ ቀዳዳ ይኸው ነው፤ ኮንግረስ ሕጉን ባደሰ ቁጥር ሊደፍኑት የሞከሩ ነበሩ፣ አልሆነላቸውም።

የበጀት መዝጊያውን ጥድፊያ ያረገበው ደግሞ በሜሪላንዱ ሴናተር ጆሴፍ ታይዲንግስ ስም የሚጠራው ማሻሻያ ነው። ዲስትሪክቱ ያልጨረሰውን ገንዘብ አንድ ተጨማሪ ዓመት እንዲሠራበት ስለፈቀደ፣ ዛሬ የአንድ ዓመት ድጎማ 27 ወር ይቆያል። ለታይትል ዋን ግን ሌላ ገደብ አለ፤ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኝ ዲስትሪክት በተለመደው አሠራር ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር የሚችለው 15 በመቶውን ብቻ ነው።

አጥሩ ሲጠነክር ማንም ያላሰበው ነገር ተከተለ። ኦዲተር ሲመጣ ገንዘቡ ለተመዘገቡት ልጆች ብቻ መዋሉን ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን ለማሳየት ቀላሉ መንገድ ልጆቹን ከመደበኛ ክፍላቸው አውጥቶ በሌላ ክፍል፣ በሌላ መምህር፣ የታይትል ዋን ስም በተለጠፈበት ዕቃ ማስተማር ነበር። ሒሳቡ ጠራ። ልጁ ግን ተጨማሪ ንባብ ሊማር ሲወጣ በክፍሉ የሚሰጠው ሒሳብ ወይም ሳይንስ አመለጠው፤ ጓደኞቹም ለምን እንደወጣ አወቁ። ገንዘቡን በትክክል መመዝገብ ልጁን በትክክል ከማስተማር ጋር የተጋጨበት ዘመን ነው። ኮንግረስ በ1978 እጅግ ድሃ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ገንዘቡን ለመላው ትምህርት ቤት እንዲያውሉት ፈቀደ። መጀመሪያ ከተማሪዎቹ 75 በመቶ ድሃ መሆን ነበረባቸው፤ በ1994 ወደ 50፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ 40 በመቶ ወረደ።

ያጠፋ ይክፈል የሚለው ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው በ1980ዎቹ ነው። ኦዲተሮች ኒው ጀርሲ 1,031,304 ዶላር ያለአግባብ አውላለች አሉ፤ ፍርድ ቤቱ በ1983 መንግሥት ገንዘቡን የማስመለስ መብት አለው ሲል ወሰነ። በ1985 የኬንታኪ ተራ ደረሰ። በ1974 ወደኋላ የቀሩ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ለብቻ ክፍል ተሰጥቷቸው፣ መደበኛውም ትምህርት ጭምር በታይትል ዋን ገንዘብ ተሰጥቷቸው ነበር። ክፍለ ግዛቱ በቅን ልቦና ነው የሠራሁት ቢልም፣ ምትክ ሆኗልና 338,034 ዶላር ይመለስ ተባለ። የድጎማ ኃላፊ ለእያንዳንዱ ደመወዝ ፊርማ የሚሻው፣ ግማሽ ጊዜዋን በታይትል ዋን የምትሠራው መምህርት ሰዓቷን እንድታስመዘግብ የሚነዘንዛት በከንቱ አይደለም።

በዚያው በ1985 ፍርድ ቤቱ የመንግሥት መምህራን ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ገብተው እንዳያስተምሩ ከለከለ። ልጆቹ ግን አሁንም የድጎማው ባለመብት ናቸው። ኒውዮርክ ምን አደረገች? ወደ መማሪያ ክፍል የተቀየሩ ተሽከርካሪዎችን ትምህርት ቤቶቹ አጠገብ አቆመች፤ ልጆቹ ከግቢያቸው እየወጡ እዚያ ውስጥ ይማሩ ነበር። ለእነዚህና ለመሰል መፍትሔዎች ከተማዋ እስከ 1994 ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። በ1997 ፍርድ ቤቱ የራሱን ውሳኔ ሻረ፤ መምህራኑም ወደ ክፍል ተመለሱ።

ወላጆችስ? በ1970ዎቹ ሕጉ የወላጆች አማካሪ ምክር ቤት እንዲቋቋም ያስገድድ ነበር፤ በ1981 የሬጋን አስተዳደር ደንብ ሲቀንስ ግዴታው ቀረ። ኋላ የመጡት ደንቦች ግን ዛሬም ይሠራሉ። ከ500 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኝ ዲስትሪክት ቢያንስ 1 በመቶውን ለወላጆች ተሳትፎ ይመድባል፣ ከዚያም 90 በመቶው ለትምህርት ቤቶቹ ይደርሳል። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የታይትል ዋን ስብሰባ መጥራት፣ ለወላጅ የሚልከውንም በተቻለ መጠን ወላጁ በሚገባው ቋንቋ ማድረግ አለበት። አማርኛ የሚናገር ቤተሰብ በሚበዛባቸው የዋሽንግተን ዙሪያ ዲስትሪክቶች ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው የአማርኛ ደብዳቤ አንዱ መነሻው ይህ ነው። ወላጅ የልጁ መምህር ብቃት ምን እንደሆነ ጽፎ መጠየቅ እንደሚችል የሚገልጸው አንቀጽ ብዙ ጊዜ እዚያው ታች ላይ ነው።

ዛሬ ታይትል ዋን በዓመት 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በጁላይ 2025 የትራምፕ አስተዳደር ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሌሎች የትምህርት ድጎማዎችን ሲያግድ ዋናው የታይትል ዋን ድጎማ አልተነካም። እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው ታይትል ሦስት ግን ከታገዱት መካከል ነበር፤ የዋሽንግተን ዙሪያ አበሻ ልጆችን በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው። ገንዘቡ በየዓመቱ ጁላይ 1 ይለቀቃል ብለው ሠራተኛ የቀጠሩ ዲስትሪክቶች ውሉን ያጽኑት ይሰርዙት ግራ ገባቸው። ክፍለ ግዛቶች ክስ መሠረቱ፣ ሪፐብሊካን ሴናተሮችም ገንዘቡ እንዲለቀቅ ጻፉ፤ በወሩ መጨረሻ አስተዳደሩ እለቃለሁ አለ። በየዲስትሪክቱ ያሉት የድጎማ ኃላፊዎች ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የበጀት ሠንጠረዣቸውን እንደገና ከፍተው መቁጠር ጀመሩ።