ከእግዜር እንግዳ እስከ ሆቴል እንግዳ፤ የጎንደር ማረፊያ ቤቶች አጭር ታሪክ

የአንድ ከተማ ታሪክ በተነሣ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ ግንቡና ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ነው። ስለ ጎንደርም ሲሆን ይህ የሚገባ ነገር ነው፤ ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ. ም. የቆረቆሯትን ከተማ ግንቧን ሳያነሡ መናገር አይቻልምና። ነገር ግን ከተማን ከተማ የሚያሰኝ ሌላም ነገር አለ። ይኸውም ከሩቅ አገር የመጣ ሰው በመሸበት ጊዜ ገብቶ የሚያድርበት ስፍራ ነው። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በዚህ የትምህርት ቤታችን መታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ ጎንደር ማረፊያ ቤቶች ለመጻፍ የተነሣነው፥ የከተማችን ሕዝብ እንግዳን እንዴት ሲቀበል እንደ ኖረ የሚያሳይ ታሪክ ስለ ሆነ ነው።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሆቴል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባይኖርም መንገደኛ በውጭ አያድርም ነበር። የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፥ አሳድሩኝ» ያለ እንደ ሆነ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፥ ግባ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል፤ መደብም ይለቀቅለታል። በደጋው አገር፥ በወገራና በስሜን፥ ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ እንግዳን ከደጅ መመለስ እንደ ነውር ብቻ ሳይሆን ነፍስን እንደ መጉዳት ይቈጠር ነበር።

ከተማዋ የመንግሥት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የእንግዳው ዓይነት ብዙ ነበረ። የንጉሥ እንግዳ የሆነ ሰው ማደሪያ ቤት ይታዘዝለታል፤ እንጀራው፥ ጠጁና ሙክቱ ደግሞ ድርጎ እየተባለ በየቀኑ ይቈረጥለታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም በ1691 ዓ. ም. በመጣ ጊዜ የተቀመጠው በንጉሡ እንግድነት ነው። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ. ም. ጎንደር በገባ ጊዜ በቤተ መንግሥት ሰዎች ላይ ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበረ፥ እቴጌ ምንትዋብ ሕመምተኞቹን እንዲያይ ወደ ቍስቋም አስጠሩት፤ በዚያም ማደሪያ አገኘ። እነዚህ ሰዎች ስለ ማደሪያቸው ገንዘብ አልከፈሉም። የከፈሉት በሙያቸውና ባመጡት ገጸ በረከት ነው።

ነጋዴውም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከምፅዋና ከሱዳን በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፈው በዘመድ ወይም በንግድ ወዳጅ ቤት ነበረ፤ የእስላም ነጋዴዎች ሰፈርም ለዚህ የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪው ደግሞ ከጎጃም፥ ከላስታና ከትግራይ ትምህርት ፍለጋ መጥቶ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል፤ ምግቡንም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ይለምናል። ጎንደር አርባ አራት ታቦት ያለባት ከተማ ስለ ተባለች፥ ተማሪውም እንደዚያው ብዙ ነበረ። እንግዲህ ልብ ብለን ብናየው የጎንደር የዕውቀት ማዕከልነት የቆመው በሊቃውንቱ ችሎታ ላይ ብቻ አይደለም፤ ለማያውቁት ልጅ ቍራሽ እንጀራ በሚሰጡ እናቶች እጅም ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚህ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ. ም. ከተማዋን አስቃጠሉ፤ በ1880 ዓ. ም. ደግሞ ደርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደደ፥ ሰውንም ማርኮ ወሰደ። እንግዳ ተቀባይ የነበረው ሕዝብ ራሱ መጠጊያ ፈላጊ ሆነ። የመንግሥቱም መቀመጫ ወደ ሸዋ ሄደ።

የመጀመሪያው ሆቴል የተከፈተው በዚያው በአዲሱ መዲና በአዲስ አበባ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ከእኛ አገር ጋር ዝምድና አለው። ሆቴሉን በ1898 ዓ. ም. ያሠሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል፥ በአባታቸው በኩል ከስሜን መሳፍንት ወገን የተወለዱ ናቸውና። ከዓድዋ ድል በኋላ የውጭ አገር መልክተኞች፥ ነጋዴዎችና መሐንዲሶች ወደ አዲስ አበባ መጕረፍ ስለ ጀመሩ፥ ሁሉን በቤተ መንግሥት እያሳደሩ በድርጎ መቀለብ የማይቻል ሆነ። ሲወርድ ሲዋረድ እንደሚነገረው፥ ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ መኳንንቱ ለምግብ ገንዘብ መክፈልን እንደ ነውር ቈጥረው አልቀርብ ብለው ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም ራሳቸው ሄደው በመብላትና በመክፈል ሕዝቡን አለማመዱ ይባላል። ነገሩ ዛሬ ያስቃል። ይሁን እንጂ ከበታቹ ትልቅ ጥያቄ አለ፤ እንጀራ የሚሸጥ ነገር ነውን? የሚል ጥያቄ ነው። ያ ትውልድ እንጀራን የሚያውቀው ሲቈረስ እንጂ ሲመነዘር አልነበረም።

ወደ ጎንደር ሆቴል የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ መንገዱም መራራ ነበረ። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ. ም. ጎንደር ገባ፤ ከተማዋም የአማራ ግዛት ተብሎ ለተከለለው አገር ዋና ከተማ ተደረገች። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው ኢጣልያዊ አርክቴክት የከተማዋን ፕላን አወጣ። ፖስታ ቤቱ፥ ሲኒማው፥ የባለሥልጣኖቹ መኖሪያ ቤቶችና ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በዚያው ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ሆቴሎችን እንዲያሠራ የተቋቋመ ቺያኦ የሚባል የኢጣልያ ኩባንያ ነበረ። በአሥመራ፥ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ሆቴል ሲያሠራ በጎንደርም አንድ አቆመ። በግንቡ አገር አልጋ የሚከራይበት፥ ቁልፍ የሚሰጥበትና ስም በመዝገብ የሚጻፍበት ዘመናዊ ማረፊያ በዚህ ዓይነት ተጀመረ።

ሕንፃውን ማድነቅ ይቻላል፤ ለማን እንደ ተሠራ መርሳት ግን አይቻልም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግድም ፋሽስቶች ባወጡት የዘር ሕግ ነጭና ጥቍር በአንድ የሕዝብ መሰብሰቢያ ቤት እንዳይገናኙ ተከልክሎ ነበር። በዚህ ምክንያት የአገሩ ባለቤት በአገሩ ላይ በተሠራው ሆቴል እንግዳ ለመሆን እንኳ አልተፈቀደለትም። ለዘመናት ለፖንሴና ለብሩስ፥ ለነጋዴውና ለቆሎ ተማሪው ደጇን የከፈተች ከተማ፥ ለራሷ ልጆች ደጅ ተዘጋባት። እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የሚያሳዝን ነገር አላየንም።

ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣልያኖች የመጨረሻ ምሽግ ነበረች። ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ. ም. ነው። ኢጣልያኖች ሄዱ፤ ቤቶቹ ግን ቀሩ፤ ከቤቶቹም ጋር ቃላቱ ቀሩ። «ፒያሳ» እንላለን፤ «ማኪያቶ» እንላለን፤ ትንሽ የኪራይ ክፍልን «አልቤርጎ» ማለትም ከዚያው የመጣ ነው። ሕዝባችን የጠላትን ቃል ወስዶ የራሱ ንብረት አደረገው። ቤቶቹንም እንዲሁ አደረገ፤ የተከለከለበትን በር ከፍቶ ገባ።

ከነፃነት በኋላ በከተማዋ በዋናነት የሚታወቀው ሆቴል በእቴጌ መነን ስም የተጠራው ነበረ። እንግዳውንም የሚያመጣ ምክንያት እየበዛ ሄደ። በ1947 ዓ. ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ሲከፈት ከልዩ ልዩ አገር መምህራንና ሐኪሞች መጡ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱም ተማሪዎች ተሰበሰቡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታ የተባሉት አውሮፕላኖች በአዘዞ ሜዳ ማረፍ በጀመሩ ጊዜ፥ በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይወስድ የነበረው የአዲስ አበባ መንገድ የጥቂት ሰዓት ጉዞ ሆነ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቱሪስት ድርጅት ተቋቁሞ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪው ሆኑ፤ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውም ማስታወቂያ በዓለም ተሰማ። ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ ላሊበላንና አክሱምን የሚያገናኘው የታሪክ ጉዞ በተዘጋጀ ጊዜ ጎብኚው ማረፊያ አስፈለገው፤ የሆቴል ሥራም እውነተኛ ሙያ ሆነ። አንሶላ አንጥፎ፥ ቁርስ አቅርቦ፥ በባዕድ ቋንቋ «እንደምን አደሩ» ብሎ እንጀራውን የሚያገኝ ወጣት ተገኘ።

ስለ ትልልቆቹ ሆቴሎች ብቻ ብንጽፍ ግን ግማሹን ታሪክ እንተወዋለን። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ በጎንደርም ለመንገደኛው፥ ለሹፌሩና ለባላገሩ ማረፊያ የሆኑት ጠጅ ቤቱ፥ ቡና ቤቱና አልጋ ቤቱ ናቸው፤ ከነዚህም ብዙዎቹን ከፍተው ያስተዳደሩ ሴቶች ነበሩ። ስማቸው በድንጋይ ላይ አልተቀረጸም። ይሁን እንጂ ጣይቱ በቤተ መንግሥት የጀመሩትን ሥራ በየመንደሩ የቀጠሉት እነርሱ ናቸው፤ በዚያም ገቢ ልጆቻቸውን አስተምረዋል።

በስሜንም ተራሮች ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ጎብኚው ደባርቅ ደርሶ በቅሎና መሪ ይቀጥራል፤ ሌሊቱን በድንኳን ወይም በገበሬው ቤት ያድራል። ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ. ም. በአዋጅ ተቋቋመ፤ እ. ኤ. አ. በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በዓመቱም ፋሲል ግቢ ተከተለው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሎጅ የሚባሉት ማረፊያዎች በደጋው ላይ ተሠሩ። ዋልያንና ጭላዳን ሊያይ የመጣ ሰው ዛሬ እሳት ከሚነድበት አዳራሽ ቢቀመጥም፥ በዚያ ብርድ አገር የመጀመሪያውን እሳት ያነደደለት የስሜን ገበሬ እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል።

በ1966 ዓ. ም. አብዮት ፈነዳ፤ በተከታዩም ዓመት ትልልቅ ድርጅቶችና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። በየከተማው በነገሥታት ስም ይጠሩ የነበሩ ቤቶች ስማቸው ተለወጠ። የጎንደር ሰው በኋለኛው ዘመን የሚያውቃቸውን ሆቴሎች ስም ብንዘረዝር ተራራ፥ ቋራ፥ ፎገራና ጎሃ እናገኛለን፤ ሁሉም የምድራችን ስሞች ናቸው። ጎሃ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በደርግ ዘመን የተሠራ ሲሆን፥ ከበረንዳው የቆመ ሰው ግንቡንና ከተማውን ባንድነት ያያል። እንዲህ የሆቴሎቹን ስም ብቻ ተከትሎ የሄደ ሰው የአገራችንን የመቶ ዓመት ታሪክ ሊያነብ ይችላል፤ መጀመሪያ የባዕድ ኩባንያ ስም፥ ቀጥሎ የእቴጌ ስም፥ በመጨረሻም የተራራና የሜዳ ስም።

በ1983 ዓ. ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የግል ሆቴሎች በዙ። ለጥምቀት በዓል የሚመጣው ሕዝብ ብዛት ስላለው፥ አልጋ ሁሉ ተይዞ እንግዳው በየሰው ቤት የሚያድርበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የጥንቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተመልሶ ይመጣል። ነገር ግን ከ2012 ዓ. ም. ወዲህ መጀመሪያ ወረርሽኙ፥ ቀጥሎም ጦርነቱና ግጭቱ የጎብኚውን እግር አሳጠረው። ሆቴል ባዶ ሲሆን የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። አስተናጋጁ፥ ወጥ ቤቷ፥ አስጎብኚው፥ በቅሎ አከራዩ፥ እንቍላል የምታመጣው ባላገርና ሸማ ሠሪው ሁሉ ከአንድ ገመድ ጋር የታሰሩ ናቸው። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከልም የትምህርት ወጪያችን ከዚህ ሥራ የሚገኝ ብዙዎች አለን። ስለዚህ ሰላም ለኛ በመጽሐፍ የምንማረው ቃል ብቻ አይደለም፤ የቤታችን እንጀራ ነው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛ፥ እንግዳ መቀበል ያለ ገንዘብም በገንዘብም ሊሠራ እንደሚችል፥ በሁለቱም ግን ክብር እንደሚያስፈልግ እንማራለን። ዋጋ ማስከፈል ነውር አይደለም፤ ነውሩ ከፋዩን እንደ ኪስ ብቻ ማየት ነው። ሁለተኛ፥ የፋሽስቱ ዘመን እንዳሳየን፥ ያማረ ሕንፃ በሩ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው ሲዘጋ የእንግዳ ቤት መሆኑ ይቀራል። የቆሎ ተማሪውን ያሳደረች የሣር ጎጆ ከእርሱ ትበልጣለች።

ስለዚህ፥ ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ አንድ አደራ እናቀርባለን። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የድሮ የሆቴል ሥዕል፥ ደረሰኝ ወይም የእንግዳ መዝገብ ቢገኝ አትጣሉት። አያቶቻችሁ በነዚህ ቤቶች ያገለገሉ፥ ያበሰሉ ወይም የሾፈሩ እንደ ሆነ ጠይቋቸውና ጻፉት። ግንቡን ድንጋዩ ራሱ ይመሰክርለታል፤ እንግዳን ተቀብለው ያሳደሩት ሰዎች ግን ምስክር የሚሆናቸው የልጆቻቸው ብዕር ብቻ ነው።