ብረትና ፕላስቲክ በዳሞታ ቁልቁለት፦ ስለ ወላይታ የውሃ ቧንቧ ታሪክ



ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ የዳሞታን ተራራ ታያላችሁ። ጫፉ ከባሕር ወለል ከ2,900 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ፊታችሁን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትመልሱ ደግሞ መሬቱ በሁምቦ በኩል እየወረደ አባያ ሐይቅ ይደርሳል፤ የሐይቁ ከፍታ 1,300 ሜትር አይሞላም። ዛሬ ስለ ብረትና ስለ ፕላስቲክ ቧንቧ ስናገር በመሠረቱ የምናገረው ስለዚህ ቁልቁለት ነው።

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ጥያቄ «የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። ይህ የባለሙያና የነጋዴ ጥያቄ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ቧንቧውን ማን ተሸክሞ አመጣው፣ ከተቀበረስ በኋላ የት እንዳለ ማን ያስታውሳል ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በአገራችን የቧንቧ ውሃ ታሪክ የሚጀምረው በብረት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አወረደ። ሸለቆ ወርዶ ዳገት የወጣው ውሃ ያዩትን ሁሉ አስደንቋል። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ያ ሁሉ ብረት ከባሕር ዳርቻ የመጣው በእንስሳትና በሰው ጉልበት ነው። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ፣ በ1887 ዓ.ም.፣ የምኒልክ ጦር ወላይታን ወግቶ ካዎ ጦናን ማረከ። ሁለቱን ድርጊቶች ጎን ለጎን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የብረት ቧንቧ ለረጅም ዘመን የማዕከሉና የቤተ መንግሥቱ ንብረት ሆኖ ኖሯልና። ብረት ውድ ነው፤ ከውጭ ይመጣል፤ መንገድም ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃው መንገዱን ተከትሎ ከተማ ውስጥ ቀረ።

ወደ ገጠሩ ቤት ፕላስቲክ አስቀድሞ የገባው በቧንቧ መልክ አልነበረም፤ በጀሪካን መልክ ነበር። ከጀርባ ላይ እንስራን ያወረደው ጀሪካን ነው። ቀላል ነው፣ ወድቆ አይሰበርም፤ ልጅም ይሸከመዋል። በዚህም የተነሣ ውሃ መቅዳት ይበልጥ የልጆች ሥራ ሆነ ብዬ አምናለሁ። ይህ ራሱን የቻለ ጥናት የሚሻ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ አልፈዋለሁ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ዋዱ በሚል ምህጻር የምናውቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በዓለም ባንክ ብድር ሥራ ጀመረ። ከተጨናነቀው ደጋ ገበሬዎችን አንሥቶ በአበላ ቆላ ሲያሰፍር ግን መሬት ማደል ብቻውን እንደማይበቃ ግልጽ ነበር፤ ምንጩ ያለው ደጋ ላይ፣ አዲሱ ሰፋሪ ያለው ቆላ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ደግሞ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ምንጭ ማጎልበትን በሰፊው ያዙት፤ ኢንተር ኤድ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት በዚህ ሥራ በወላይታ ለረጅም ዓመታት ቆይቷል። ፕላስቲክ የገጠሩ ዋና ቧንቧ የሆነው በዚህ ዘመን ነው።

ምክንያቱን ክብደቱ ይነግረናል። ባለ 2 ኢንች አንድ የብረት ቱቦ 6 ሜትር ይረዝማል፣ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 100 ሜትር ለመዘርጋት ግማሽ ቶን ብረትና 16 መገጣጠሚያ ያስፈልጋል፤ በየጫፉም ጥርስ መውጣት አለበት። በተመጣጣኝ ስፋት 100 ሜትር የፖሊኢትሊን ጥቅል ግን ከ100 ኪሎ ግራም በታች ነው፤ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ጥቂት ሰዎች ተጋግዘው ያደርሱታል። ቱቦ የሚለው ቃል ራሱ የጣልያንኛ ነው፤ ከብረት ጋር መጣ፣ ለፕላስቲኩም መጠሪያ ሆነ።

ነገር ግን ቁልቁለቱ ዋጋውን ይጠይቃል። ውሃ በየ10 ሜትር ቁልቁለት ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይጨምራል። ለ10 ባር የተሠራ ፕላስቲክ ከምንጩ 100 ሜትር ዝቅ ሲል አቅሙን ጨረሰ ማለት ነው። ከዳሞታ ወገብ ወደ ሁምቦ የሚወርድ መስመር ስለዚህ በየደረጃው ግፊት ማብረጃ ሳጥን ይሻል፤ አለበለዚያ ይፈነዳል። ቦረቦር በሚሻገርበትና ድንጋይ በሚበዛበት ቦታ፣ መቅበር ስለማይቻል፣ ብረት ተመልሶ ይመጣል፤ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልና። ስለዚህ በተግባር የምናየው መስመር ድብልቅ ነው፤ «ዘመናዊው አሮጌውን ተካ» የሚለው ትረካ እዚህ አይሠራም።

በከተማ መኖሪያ ቤቶችም ለውጡ ደርሷል። በአሮጌዎቹ ቤቶች የዚንክ ቅብ ብረት ቱቦ ከውስጥ እየዛገ ይጠብባል፤ ጠዋት ቧንቧ ሲከፈት ቀድሞ የሚወርደውን ቡናማ ውሃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በአዳዲሶቹ ቤቶች በሙቀት የሚበየደው ፒፒአር ቦታውን ይዟል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ብረት ሲያረጅ ይናገራል፤ ይዝጋል፣ ውሃውን ያቀልማል። ከመሬት በታች ቢጠፋም በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይገኛል። ፕላስቲክ ግን ከተቀበረ በኋላ ዝም ይላል። ብረት መፈለጊያ አያገኘውም፤ ሲያፈስም ውሃው ወደ ቀዩ አፈር ሰርጎ ሊቀር ይችላል። ከላዩ ምልክት ሰጪ ሽቦ ካልተቀበረ ወይም ካርታ ካልተቀመጠ፣ የት እንዳለ የሚያውቀው ያኔ ቦዩን ያስቆፈረው ሰው ብቻ ነው። ፕላስቲክ ከብረት ይልቅ መዝገብ ይፈልጋል፤ እኛም ርካሹን ቧንቧ ስንገዛ የመዝገቡን ወጪ አብረን አላሰብንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ የኮብልስቶን መንገድ ሲሠራ አይቻለሁ። ዶማው ቧንቧ በጠሰ፤ ውሃው መንገዱን አጥለቀለቀው፤ መዝጊያው የት እንዳለ ግን በቦታው ከነበሩት አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ከቤታቸው ተጠሩ። ካርታ አልጠየቁም፤ የድሮውን የባሕር ዛፍ ጉቶ ፈለጉ፣ ከእሱ ተነሥተው እርምጃቸውን ቆጠሩ፣ ቆመውም «እዚህ ቆፍሩ» አሉ። መዝጊያው እዚያው ተገኘ። ሲሄዱ የነገሯቸውን የጻፈ ሰው አላየሁም፤ ልንገራችሁ፣ እኔም አልጻፍኩም።

ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ መንገዶቿ ገና ብዙ ጊዜ ይቆፈራሉ። እንደ እኚያ አዛውንት ያሉ ሰዎች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የቃል ታሪክ ኮርስ የምትወስዱ ተማሪዎች የመጀመሪያ ቃለ መጠይቃችሁን ከእነሱ ጋር፣ በእግር እየሄዳችሁ፣ ሜትርና ደብተር ይዛችሁ ታደርጉታላችሁ።