ሮከንፌልድ፦ ስሙ ዓለምን የዞረ መንደር

በምዕራብ ጀርመን፣ በራይን ወንዝ ቀኝ ዳርቻ፣ ኖይቪድ የምትባል ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ፣ በደንና በእርሻ መሀል፣ ሮከንፌልድ የሚባል ትንሽ መንደር ነበር። ንጉሥ አልነገሠበትም፤ ስመ ጥር ጦርነትም አልተካሄደበትም። ሆኖም ሮክፌለር የሚለውን ስም የጠራ ሁሉ፣ ባያውቀውም፣ ይህን መንደር ጠርቷል።

ስያሜው የገበሬ ስያሜ ነው። «ፌልድ» ማሳ ማለት ሲሆን፣ «ሮከን» ጀርመኖች ዛሬ «ሮገን» የሚሉት እህል የቆየ አጠራር ተደርጎ ይፈታል። ሮገን ስንዴ በማይሆንበት ብርድና ስስ አፈር ላይ የሚበቅል፣ የሰሜንና የመካከለኛው አውሮፓ ገበሬ ጥቁር ዳቦውን ለዘመናት የጋገረበት እህል ነው። በኋላ ከነዳጅና ከባንክ ጋር የተቆራኘው ስም ከደሃ ገበሬ እህል መነሣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከመንደሩ ስም የሰው ስም የወጣበት መንገድ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። በመካከለኛው ዘመን መጀመሪያ አንድ ጀርመናዊ አንድ ስም ብቻ ነበረው። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን ከተሞች ሰፉ፣ መዝገብ በዛ፤ ግብር ሰብሳቢው ብዙውን ዮሃንስና ብዙውን ፔተር መለየት ግድ ሆነበት። አንዱን በሙያው ሙለር፣ ማለትም ባለ ወፍጮው፣ አለው፤ ሌላውን በቁመቱ ክላይን፣ ትንሹ፣ አለው። ከሌላ ቀዬ የመጣውን ደግሞ በቀዬው ስም ላይ «ኤር» ጨምሮ ጠራው። እንግዲህ እዚያው ሮከንፌልድ ውስጥ የሚኖር ሰው በመንደሩ ስም አይጠራም፤ ጎንደር ውስጥ ማንንም «ጎንደሬው» ብሎ መለየት እንደማይቻል ማለት ነው። ስሙ የሚወጣለት መንደሩን ለቆ ሌላ ቦታ ሲሰፍር ነው። በጀርመን ከቦታ የተወሰዱ የቤተሰብ ስሞች በአብዛኛው የስደት መዝገቦች ናቸው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘር ሐረግ አጥኚዎች የቤተሰቡን ዱካ የሚያገኙትም ኮረብታው ላይ ሳይሆን ታች ወንዙ ዳር፣ ፋር በምትባል መንደር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ስሙ በዚያን ጊዜ ሮከንፌለር ነበር። በራይን ዳር ሰዎች አነጋገር «ፌልደር» ሲባል «ድ»ዋ እየተዋጠች «ፌለር» ይሆናልና።

ከዚያ በኋላ አገሩ ብዙ መከራ አየ። ከ1618 እስከ 1648 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተካሄደው የሠላሳ ዓመት ጦርነት መንደሮችን አራቆተ። በ1709 መግቢያ የወረደው ኃይለኛ ብርድ ደግሞ የወይን ተክሉን ሳይቀር ፈጀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የራይን ሰዎች በለንደን በኩል ወደ አሜሪካ ጉዞ ጀመሩ። ዮሃን ፔተር ሮከንፌለርም በ1723 አካባቢ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ሰፈረ። እዚያ ከስሙ መሀል «ን» ወደቀችና ሮክፌለር ሆነ። ሌሎች የቤተሰቡ አባላትም ተከትለው ኒው ዮርክ ውስጥ ጀርመንታውን በተባለ ሰፈር ከትመዋል።

ጆን ዲ. ሮክፌለር በ1839 ሪችፎርድ በምትባል የኒው ዮርክ ገጠር የተወለደው ከእነዚህ ሰፋሪዎች ዘር ነው። በ1870 ክሊቭላንድ ላይ ስታንዳርድ ኦይልን አቋቋመ፤ ኩባንያው የአገሪቱን የነዳጅ ማጣራት ሥራ ሊጠቀልል ስለደረሰ በ1911 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በታተነው። ሀብቱ ሲገን ስሙ ከሮክፈይ፣ ከፈረንሳይ መሳፍንት ቤት፣ የመጣ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ማስረጃው ግን የሚመራው ወደ ራይን ገበሬዎች ነው። ከበርቴው ራሱም በ1906 ለዮሃን ፔተር የመታሰቢያ ሐውልት ኒው ጀርሲ ውስጥ አስቆመ። ባለጸጋው የገበሬ ቅድመ አያቱን እንዲህ በአደባባይ መዘከሩን አከብርለታለሁ።

ከቦታ የተወለደው ስም ከዚያ ወዲህ ቦታዎችን መሰየም ጀመረ። አሳሹ ሪቻርድ ባይርድ በአንታርክቲካ በ1929 ለተራሮች፣ በ1934 ደግሞ ለበረዷማ አምባ የደጋፊውን፣ የጆን ዲ. ሮክፌለርን ልጅ፣ ስም ሰጠ። በ1930ዎቹ ማንሃተን ላይ ሮክፌለር ሴንተር ተገነባ። ኢየሩሳሌም ውስጥ በልጁ የገንዘብ ልገሳ ተሠርቶ በ1938 የተከፈተው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው «ሮክፌለር» ተብሎ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኒው ዮርክ ላይ የቆመበት መሬት ግን በ1946 በዚሁ ልጅ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ቢገዛም፣ ስሙን አልያዘም።

መንደሩ ራሱ ከጦርነትና ከብርድ ተርፎ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። በ1960ዎቹ ግን ነዋሪዎቹ ለቀው ወጡ፤ ቤቶቹም ፈረሱ። ቦታው ዛሬ በኖይቪድ ከተማ አስተዳደር ሥር ነው። ወደ አሜሪካ ያልሄዱት ዘሮች ግን አሁንም በዚያው በራይን ዳር አካባቢ ይኖራሉ፤ ስማቸውንም አሜሪካ ላይ የወደቀችውን «ን» ሳይጥሉ ሮከንፌለር ብለው ይጽፋሉ።