ተስቦና መዥገር፤ በቦሌ ሜዳ ለሚሮጡ የሚጠቅም የምርምር ታሪክ

ከቦሌ በስተ ምሥራቅ በአራብሳ፣ በአያትና በኮተቤ በኩል ጧት ጧት የምንሮጥ ተማሪዎች ብዙ ነን። ከተማው በየዓመቱ ወደ ፊት ቢገፋም ከብት የሚግጥበት ሜዳ ገና አላለቀም፤ ስለዚህ ከሩጫ በኋላ በእግር ላይ መዥገር ተጣብቆ ማግኘት የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። አንድ ጓደኛችን መዥገር ከነከሰው በኋላ ትኩሳት በያዘው ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ተስቦ ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ «መዥገር ለከብት እንጂ ለሰው በሽታ አይሰጥም» ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም እንደ ተሳሳቱ የተረዳነው የቀድሞውን የምርምር ታሪክ ከተመለከትን በኋላ ነው።

ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን ሻርል ኒኮል በቱኒስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. አስረድቶ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የፓስተር ኢንስቲቱት ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ራይስ ጉትፍሮይንድ የተስቦን ተሕዋስ በኢትዮጵያ የቤት እንስሳት ደምና በመዥገሮቻቸው ውስጥ አገኘሁ ሲሉ ጽፈው አሳተሙ። ይህ ቃል ቀላል አልነበረም። እውነት ቢሆን ኖሮ ቅማልን ከልብስ ላይ ማጥፋት ብቻውን ባልበቃ ነበር፤ በሽታው በየበረቱ ተሸሽጎ ይቆይ ነበርና።

ጉዳዩ ብዙ ካከራከረ በኋላ ቡርግዶርፈርና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡትን መዥገሮች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አወጡ። የተስቦን ተሕዋስ አላገኙም። ይሁን እንጂ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ አምብሊዮማ በሚባለው የከብት መዥገር ውስጥ ከተስቦው ጋር የሚዛመድ ሌላ ሪኬትሲያ አገኙ። ይህ ዓይነት ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. «ሪኬትሲያ አፍሪኬ» የሚል የራሱን ስም አገኘ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የንፍፊት እብጠትና መዥገሩ በነከሰበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት የሚያመጣው እርሱ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ቢሳሳትም ጥያቄው ራሱ ፍሬ አፍርቷል።

ከዚህ ታሪክ ለሯጭ የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፤ ከቅማል የሚያድነው የልብስ ንጽሕና ከመዥገር አያድንም። አምብሊዮማ በሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ብቻ አይጠብቅም፤ ትንፋሽን ተከትሎ በመሬት ላይ እየተጓዘ ይመጣል። ስለዚህ ከብት በሚያርፍበት ሣር ላይ ተቀምጦ ማረፍም ሆነ ሰውነት ማፍታታት ደግ አይደለም። መንገድ ሳይለቁ መሮጥ፣ የሱሪውን ጫፍ በካልሲ ውስጥ መክተትና መዥገሩ እንዲታይ ነጣ ያለ ልብስ መልበስ ይጠቅማል። ቤት ሲደርሱም ከጉልበት ኋላ፣ ብሽሽት፣ ወገብና ብብት ሁሉ ይፈተሽ። የተጣበቀ ቢገኝ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል ነው እንጂ ጋዝ ማፍሰስ፣ በእሳት መተኮስ ወይም በጣት መጨፍለቅ አይገባም። ከዚያ ወዲያ ቦታው በሳሙና ይታጠብ።

ጓደኛችን ድኖ እንደ ቀድሞው ይሮጣል። ሐኪሙ ጥቁሩን ቅርፊት አይቶ «የት ሰነበትህ?» ብሎ ስለ ጠየቀው መድኃኒቱ ሳይዘገይ ተገኘ። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሯጭ ሐኪሙ እስኪጠይቀው ሳይጠብቅ ስለ ሜዳውና ስለ መዥገሩ አስቀድሞ ይናገር።